የአጥር ላይ ቅል

ኦክላንድ ውስጥ የምኖረው ከአንዲት አሮጊት ቤት ጀርባ፣ ድሮ ጋራዥ በነበረች ክፍል ውስጥ ነው። አሮጊት ማለቴን ቢሰሙ ይቆጡኛል፤ ስለዚህ ከዚህ በኋላ እትዬ እያልኩ እቀጥላለሁ። እትዬ ደንቢያ ተወልደው ጎንደር ያደጉ ናቸው። ወደዚህ አገር የመጡት በጃንሆይ ጊዜ፣ ለትምህርት የተላኩ ባላቸውን ተከትለው ነው። ባላቸው ተምረው፣ አስተምረው፣ ጡረታ ወጥተው ሞቱ። አንድ ልጃቸው ኩፐርቲኖ የኮምፒውተር ሥራ ይሠራል። እኔ ደግሞ በዲቪ መጥቼ እዚሁ ቅርብ ባለችው ኒውአርክ አንድ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት እነዳለሁ። ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ሚስት አላገባሁም። ለምን እንዳላገባሁ ወደ በኋላ ይገባችኋል።

እሑድ እሑድ እትዬ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ መስኮቴን በጣታቸው ቆርቆር ያደርጋሉ። ያ ማለት ምሳ ደርሷል ማለት ነው። ወጥ ቤታቸው ገብተን፣ ትሪውን መሃል አድርገን፣ ፊት ለፊት ተቀምጠን ከአንድ ትሪ እንበላለን። «ብላ እንጂ! ምን እንደ ሙሽራ ታፍራለህ?» ይሉኛል። ቀስ ብዬ ስበላ ምግባቸው ያልጣመኝ ይመስላቸዋል፤ ፈጠን ስል ደግሞ «ማን ይቀማሃል?» ይላሉ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከማሽን ጋር ስሟገት እውላለሁ፤ ከመጋዘኑ ሰዎች ጋር ከሰላምታ የሚያልፍ ወሬ የለንም። ስሜን በትክክል የሚጠራኝ ሰው፣ እጁ እጄን የሚነካኝ ሰው፣ በዚህ ሁሉ ከተማ ውስጥ እትዬ ብቻ ነበሩ።

ነገር ግን እዚያ ትሪ ፊት አንድም ቀን ልቤ አርፎ አያውቅም። እኔ ነገደ ወይጦ ነኝ።

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ጣና ዳር የምንኖር፣ ደንገል አጭደን ታንኳ የምንሠራ ሰዎች ነን። አያቶቻችን ጉማሬ እያደኑ ይበሉ ነበር፤ በዚህ ሰበብ ክርስቲያኑም እስላሙም ርኩሶች ናቸው ብሎ ከማዕዱ አራቀን። እኔ የጉማሬን ሥጋ ይቅርና ጆሮውን እንኳ ያየሁት ከሩቅ ነው። ያልበሉትን ዕዳ መክፈል ማለት ይኼ ነው። የራሳችን ቋንቋ ነበረን ይባላል፤ ለእኔ አንድ ቃል አልደረሰኝም። አፌን የፈታሁት በአማርኛ ነው፤ የሰደቡኝም በአማርኛ ነው።

አባቴ ከዘጌ በታንኳ እንጨት እየጫነ ባሕር ዳር ያወርድ ነበር። ትምህርት በሌለ ቀን እኔም እንጨቱ ላይ ተቀምጬ አብሬው እሄዳለሁ። ደንበኛ ከነበሩት ቤቶች አንደኛው ጋ፣ አጥሩ ላይ በገመድ የተንጠለጠለች ግማሽ ቅል ነበረች። አባቴ እንጨቱን ደርድሮ ሲጨርስ ቅሏን አውርዶ ይዘረጋል፤ የቤቱ ሠራተኛ ከላይ፣ ጆጓ ቅሏን እንዳይነካ ተጠንቅቃ፣ ውሃ ታፈስለታለች። ይጠጣል፣ ለእኔም ያጠጣኛል፣ ያመሰግናል፣ መልሶ ይሰቅላታል። አንድ ቀን «አባዬ፣ ለምን በብርጭቆ አይሰጡንም?» አልኩት። «ይቺ ንጹሕ ናት፤ ከእኛ በቀር ማንም አይነካትም» አለኝ። ሲናገር እየቀለደ አልነበረም። «ቅል ባገሩ ድንጋይ ይሰብራል» የሚለውን ተረት በሰማሁ ቁጥር ያቺ ቅል ትዝ ትለኛለች፤ እኛ ባገራችን የትኛውን ድንጋይ እንደሰበርን እግዜር ይወቅ።

በኋላ እናቴ ከአባቴ ጋር ተጣልታ ከተማ ይዛን ገባች፤ ክርስትና አስነሳችን፤ ስሜም ተለወጠ። ከዚያ ወዲህ «የባሕር ዳር ልጅ ነኝ» ካልኩ ይበቃ ነበር። የማይበቃው ለትዳር ነው። ሽማግሌ ሲላክ ዘር ይቆጠራል፤ አባትህ ማነው፣ አያትህ ማነው፣ ከየት ወገን ነህ ይባላል። እኔም ነገሩ እዚያ ሊደርስ ሲል ሁልጊዜ እጠፋለሁ። አሜሪካ ስመጣ ይኼ ነገር ይቆማል ብዬ ነበር። ሰው አገሩን ሲለቅ መጀመሪያ በሻንጣው የሚከተው እንዲህ ያለውን ነገር መሆኑን አላወቅሁም። እዚህም ሠርግ ላይ፣ ለቅሶ ላይ፣ «አንተ የማን ልጅ ነህ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ስለዚህ ከሠርግም ከለቅሶም ቀረሁ።

ኒውአርክ ከመጋዘናችን ራቅ ብሎ፣ የባሕረ ሰላጤው ውሃ ዳር፣ ረግረግ አለ። ከሥራ ስወጣ የመንገድ መጨናነቅ ሲኖር እዚያ መኪናዬን አቁሜ እጠብቃለሁ። መጀመሪያ ያስቆመኝ ሽታው ነው፤ ጭቃና እርጥብ ሣር፣ ትንሽ የዓሣ ነገር። እንደ ደንገል ረጃጅም ሸንበቆ ሞልቶበታል። ደንገል አይደለም፤ የደንገል ግንድ ሦስት ማዕዘን ነው፣ አናቱም ላይ ጎፈሬ አለው። ይኼኛው ድቡልቡልና መላጣ ነው። ቱሊ ይሉታል። ቢሆንም ነፋስ ሲያወዛውዘው ድምፁ ያው ነው፤ እኔም እዚያ ቆሜ ብዙ ጊዜ አልቅሻለሁ።

አንድ ቀን እዚያ ማስታወቂያ ተለጥፎ አየሁ። የዚህ ምድር ጥንተ ባለቤቶች፣ ኦሎኒ የሚባሉት ሰዎች፣ በሚመጣው ቅዳሜ እንደ ጥንቱ ከቱሊ ጀልባ ይሠራሉ፤ ማንም መጥቶ ማየት ይችላል ይላል። ሳምንቱን ሙሉ ስለዚያ ጀልባ ሳስብ ሰነበትኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ልወጣ ስል እትዬ ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። ልጃቸው ምሳ ሊወስዳቸው ቀጠሮ ነበረው። ስልካቸው ጮኸ፤ ጆሯቸው ስለደከመ ሁልጊዜ በስፒከር ነው የሚያወሩት።

«ማም፣ አይም ሶሪ፣ ሥራ መጣብኝ። ኔክስት ዊክ፣ ኦኬ?»

«ኦኬ ልጄ፣ አይዞህ» አሉት። ማንን አይዞህ እንደሚሉ እንጃ። ስልኩን ዘግተው የነጠላቸውን ጥለት ያስተካክሉ ጀመር። እንደዚያ ጥያቸው መሄድ አልሆነልኝም።

«እትዬ፣ ኒውአርክ አካባቢ ውሃ ዳር ልሄድ ነበር። ጀልባ ሲሠሩ ለማየት ነው። አይሄዱም?»

«ፓርኪንጉ ሩቅ ነው? ጉልበቴን ታውቀዋለህ።»

«ቅርብ ነው።»

«እንግዲያ ውሰደኝ፤ እዚህ ተቀምጬ ከግድግዳ ጋር ከምፋጠጥ።»

እዚያ ስንደርስ ጥቂት ሰው ተሰብስቧል። ለእትዬ ታጣፊ ወንበር ዘረጋሁላቸው። ሥራውን የምትመራው ሸበቶ ፀጉሯን ሁለት ጉንጉን የሠራች፣ ጂንስ የለበሰች ሴት ነበረች። ነገሯ ሁሉ አጭር ነው። አያቷ ልጆቹን «እነማን ናችሁ ብለው ሲጠይቋችሁ ሜክሲካዊ ነን በሉ» እያለች እንዳሳደገቻቸው ተናገረች። ኦሎኒ ነኝ ማለት ያን ጊዜ ሕይወትን ያስከፍል ነበርና። ቋንቋቸውን የሚናገር ሰው አልቆ እንደነበረ፣ አሁን እሷና የእህቷ ልጆች ከድሮ ጽሑፍ ላይ አንድ አንድ ቃል እየለቀሙ እንደሚማሩት ነገረችን። «የባሕር ዳር ልጅ ነኝ» ማለትና «ሜክሲካዊ ነኝ» ማለት ምን ልዩነት አለው?

ከተሰበሰበው ሰው መሃል አንድ ነጭ ሽማግሌ ባርኔጣውን አውልቆ፣ በእናንተ ምድር ላይ ቆመናል፣ አባቶቻችን ስላደረጉት ሁሉ ይቅርታ እንጠይቃለን ብሎ ረዘም ያለ ንግግር አደረገ። ሴትዮዋ በትዕግሥት ሰምታ ስትጨርስ «አመሰግናለሁ። አሁን ና ይኼን ገመድ ያዝልኝ» አለችው። ሰው ሳቀ፤ ሽማግሌውም ስቆ ገመዱን ያዘ።

ችግሩ ገመዱን መያዝ አለመቻሉ ነው። የቱሊውን ነዶ ሁለት ሦስት ሆነው አቅፈው ያስሩታል፣ ሲለቁት ይላላል። ደረቅ ሸንበቆ እንዲያ አይታሰርም። ውሃ ሲገባበት ተበትኖ ሰውን ይዞ ይሰምጣል። እኔ ዝም ብዬ ለማየት ነበር የመጣሁት፤ እጄ ግን ቀደመኝ። ገመዱን ከሽማግሌው ተቀብዬ ውሃ ነከርኩት። ነዶውን በተረከዜ ረገጥኩ። የገመዱን አንድ ጫፍ በጥርሴ ነክሼ፣ ሌላውን በሁለት እጄ ወደ ኋላዬ ሳብኩ፤ ነዶውን በመዳፌ መታ እያደረግሁ እንደገና ሳብኩ። አባቴ እንደዚያ ነበር የሚያስረው። የጣና ታንኳ ሠሪ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያስረው፤ ለዚህ ነው ጥርሳችን የሚሸረፈው። ከዚያ ወደሚቀጥለው ማሰሪያ ተሻገርኩ፣ ከዚያም ወደሚቀጥለው። ከልጅነቴ ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሴትዮዋ አጠገቤ መጥታ ስታይ ቆይታ «ማን አስተማረህ?» አለችኝ በእንግሊዝኛ።

«አባቴ።»

«ወገኖችህ እነማን ናቸው?»

እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ብዙ ነው። እንደዚያ አድርጎ የጠየቀኝ ግን አልነበረም፤ እሷ የጠየቀችኝ መልሱን ለመስማት እንጂ እኔን ለመመዘን አልነበረም። የወገኖቼን ስም ነገርኳት። ሐይቅ ዳር የምንኖር ታንኳ ሠሪዎች ነን፣ ሰው ከእኛ ጋር አይበላም፣ ቋንቋችን ጠፍቷል አልኳት። ሁሉንም አልኳት። እሷም «ታዲያ እስካሁን ለምን ቆመህ ታይ ነበር?» ብላ ሌላ ነዶ አቀበለችኝ።

ነዶውን ልቀበል ዞር ስል እትዬን አየኋቸው። ወንበራቸው ላይ ቀጥ ብለው እያዩኝ ነበር።

እስከዚያች ቀን ድረስ ራሴን የደበቅሁት በአማርኛ ነበር። በእንግሊዝኛ መደበቅ እንደሚያስፈልግ ትዝ ብሎኝም አያውቅም፤ ፈረንጅ ስለ ወይጦ ምን ያውቃል? እትዬ ግን እኔ ሳልወለድ ጀምረው በእንግሊዝኛ የኖሩ ሰው ናቸው። ጆሯቸው ደክሟል ብል እንኳ ዓይናቸው አልደከመም። ደንቢያ ጣና ዳር ነው፤ ገመድ በጥርሱ የሚስብ ሰው ማን እንደሆነ ደንቢያ የተወለደ ሰው አይነገረውም።

ጀልባው ሲንሳፈፍ ሰው አጨበጨበ። እኔ ብዙም ትዝ አይለኝም። ወደ ቤት ስንመለስ እትዬ በመስኮት እያዩ ሄዱ። ኦክላንድ ልንገባ ስንል፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «አባትህ ታንኳ ይሠሩ ነበር?» አሉ።

«አዎ፣ እትዬ።»

ቤት ስንደርስ ሁልጊዜ እንደማደርገው ክንዳቸውን ይዤ ላውርዳቸው ስል በሩን ተደግፈው ራሳቸው ወረዱ።

በማግሥቱ እሑድ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ የመኪና ድምፅ ሰማሁ፤ መስኮቴን የቆረቆረ ግን የለም። ቆይቼ በሩን ስከፍት ደፉ ላይ በፎይል የተሸፈነ ምግብ ተቀምጧል። የወረቀት ሰሃን ላይ ነበር። ስልሳ ዓይነት ሸክላ ሰሃን ያላቸው ሴት ናቸው፤ ለእንግዳ የሚያወጡት አለ፣ ለጾም የሚያወጡት አለ። የወረቀት ሰሃን ታጥቦ አይመለስም፤ ይጣላል። ፎይሉን ሳልገልጥ አጥሩ ላይ የነበረችው ቅል ዓይኔ ላይ ድቅን አለች። ምግቡን በላሁት። እንባዬ እየወረደ በላሁት፤ ርቦኝ ነበር።

በሚቀጥለውም እሑድ እንደዚያው፣ ከዚያም በሚቀጥለው። በሥራ ቀን ስንተላለፍ «ደህና ነህ?» ይሉኛል፣ «ደህና ነኝ» እላለሁ። የምናደደው በአባቴ ፈንታ ነበር፤ ራሴን ደብቄ የኖርኩት እኔ ለራሴ ምን ብዬ ልቆጣ? እንዲያውም ከቁጣዬ ብቸኝነቴ ይብስ ነበር። ምሽት ላይ ወጥ ቤታቸው ሬዲዮ ሲከፍቱ ድምፁ በግድግዳው በኩል ይሰማኛል፤ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ የምሰማበት ጊዜ ነበር። ሳን ሆዜ ክፍል መፈለግ ጀመርኩ። አንዱን አይቼ ወደድኩት፤ አከራዩ ፊሊፒናዊ ነው፣ ማንም ማንንም አይጠይቅም። ቅዳሜ እገባለሁ ብዬ ቃል ሰጠሁ።

ለእትዬ ሐሙስ ነገርኳቸው። «ለሥራ ይቀርበኛል» አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ «መልካም» ብለው ገቡ። ሰው አትሂድ ይላል መቼም፤ አላሉም።

ቅዳሜ ጠዋት ዕቃዬን ስሸክፍ ደጁ ላይ የሚጎተት እግር ሰማሁ። በሩ ክፍት ነበር። እትዬ ጫንቃቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመው ቆመዋል። የአበባ መደባቸው ዳር ካሰለፏቸው ድንጋዮች አንዱ ነው፤ አፈሩ ነጠላቸው ላይ ረግፏል። በዚያ ጉልበታቸው ደረጃውን እንዴት እንደወረዱ አላውቅም። ይኼን ወግ አገር ቤት አይቼው አውቃለሁ፤ የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ከተበደለው ፊት ይቆማል። ለእኛ ሰው ግን ማንም ተሸክሞ ሲመጣ አላየሁም።

«ማረኝ ልጄ» አሉ።

«እትዬ፣ ኧረ ያውርዱት! ይወድቃሉ!»

«አላወርድም። መጀመሪያ ስማኝ።»

ቆመው ነገሩኝ። አባታቸው ቤት፣ ደንቢያ፣ በታንኳ እንጨት የሚያመጣ ወይጦ ነበር። የእነሱም አጥር ላይ ቅል ነበረች። አንድ ቀን ሰውየው ሲመጣ ቅሏ ተሰንጥቃ ኖሮ፣ እትዬ ያኔ ትንሽ ልጅ ናቸው፣ ሮጠው ከቤት በሸክላ ዋንጫ ውሃ አመጡለት። ሰውየው «ተዪ ልጄ» እያለ እምቢ ቢልም ጠማው መሰል ጠጣ። እናታቸው ደርሰው ዋንጫውን ከእጁ ነጥቀው ድንጋይ ላይ ሰበሩት፤ እሳቸውንም እዚያው ፊቱ ገረፏቸው። ሰውየው አጎንብሶ ስብርባሪውን አንድ በአንድ ለቀመ። ልጅቷ ባዶ እግሯን ስለነበረች እንዳይወጋት ነው። ለቅሞ በእጁ ይዞት ሄደ።

«ከዚያ ወዲያ ሲመጣ ጓዳ እደበቅ ነበር» አሉ። «ፊቱን ማየት አቃተኝ። የአንተንም ፊት እንደዚያው አቃተኝ።»

ይህን ሁሉ ሰምቼም ቅሬታዬ አልለቀቀኝም። «የወረቀቱስ ሰሃን?» አልኩ።

ድንጋዩን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ። «የመጀመሪያውን ቀን እጄ ነው ያደረገው» አሉ። «አልዋሽህም። ሳላስበው እጄ ወደዚያ ሄደ። ካደረግሁት በኋላ ሳየው አፈርኩ፤ ካፈርኩ በኋላ ደግሞ መመለሻው ጠፋኝ።»

ይኼን ባይሉ ኖሮ አላምናቸውም ነበር። የእኔም እጅ ቀድሞኝ አይደል ጉዴን ያወጣው?

ከዚያ ቀና ብለው አዩኝና፣ ልጅ ሲለምን እንደሚያደርገው፣ «ያ ሰውዬ አባትህ ይሆን?» አሉኝ።

አልነበረም። አባቴ ከዘጌ ባሕር ዳር እንጂ ደንቢያ ድረስ እንጨት ጭኖ አያውቅም፤ ደንቢያ ከሐይቁ ማዶ ነው። የደረሰበትን ሁሉ ደግሞ አንድ ሳያስቀር ነግሮናል፤ ይኼ የለበትም። አይደለም ማለት ቀላል ነበር። ግን ዕድሜዬን ሙሉ የእነዚያ ሰዎች ልጅ አይደለሁም ስል ኖሬ፣ አሁን ደግሞ አባቴ አይደለም ልበል?

«አዎ እትዬ» አልኩ፣ በአማርኛ። «የእኛ ሰው ነው። አባቴ ነው።»

ድንጋዩን ከጫንቃቸው አወረድኩ። «እግዚአብሔር ይማርዎ» አልኳቸው፤ የሚባለው እንደዚያ ነው። ክንዳቸውን ይዤ ወደ ወጥ ቤት ወሰድኳቸው። የተሸከፈው ዕቃዬ መሬት ላይ እንዳለ ቀረ። እትዬ እጃቸውን ታጥበው ትሪውን አወጡ፤ የእንግዳውን ሳይሆን የእሑዱን። ሁለታችንም ብዙ አልበላንም። «ብላ እንጂ» አሉኝ፣ ግን ድምፃቸው እንደ ድሮው አልወጣም።

ሳን ሆዜ አልገባሁም። ድንጋዩም እስካሁን በሬ ሥር አለ፤ እትዬ «ወደ አበባው መልሰው» ይላሉ፣ እኔ አልመልስም። እሑድ ምሳ በልቼ ስመለስ አየዋለሁ። አባቴ ያቺን ቅል አጥሩ ላይ መልሶ እየሰቀለ፣ እያመሰገነ ኖሮ ሞተ። እሱ ደጅ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ የቆመ ሰው የለም።